የሚጠብቅ ፕሮግራም

ስለ ኮምፒውተር በይነገጽ ሲወራ ወሬው ቶሎ ወደ መልክ ያደላል፤ ወደ ቀለም፣ ወደ አይከን፣ ወደ ፊደል ቅርጽ። ሥራ የሚያዘው ደንበኛ «ያማረ ይሁን» ይላል፣ ፕሮግራመሩም መጀመሪያ የሚያሳየው ስዕሉን ነው። መልክ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ዴስክቶፕ ላይ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሰው፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ለአርክቴክቱ፣ መጽሐፍ ለሚያቀናብረው ባለሙያ፣ መልኩ ብዙም ሳይቆይ ይለመዳል። የማይለመደው ሌላ ነው፤ ጠቅ አድርጎ መልስ ማጣት፣ በስህተት የነኩትን መመለስ አለመቻል፣ አንዱን ሳትጨርስ ሌላውን አትንካ መባል። ሁሉም ከአንድ ጥያቄ ይመነጫሉ፦ እዚህ ስክሪን ላይ አዛዡ ማነው፣ ሰውየው ወይስ ፕሮግራሙ? የዴስክቶፕ በይነገጽ መሥራት ከምንም በፊት ትእዛዙን ለተጠቃሚው ማስረከብ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስዕሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሥራ ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ፕሮግራም ጠያቂ፣ ሰው መላሽ ነበር። ማሽኑ የፋይሉን ስም ይጠይቃል፣ ሰውየው ይጽፋል፣ ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል። ቅደም ተከተሉን ኮዱን የጻፈው ሰው አስቀድሞ ስለወሰነው፣ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደርሶ የመጀመሪያውን ማረም የፈለገ ብዙ ጊዜ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ዳግላስ ኤንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በባለሙያዎች ፊት በማውዝ ጽሑፍ እየመረጠ ሲያዘዋውር ሌላ መንገድ እንዳለ ታየ። በ1973 ደግሞ ፓሎ አልቶ የሚገኘው የዜሮክስ ምርምር ማዕከል አልቶ የተባለውን ኮምፒውተር ሠራ፤ በኋላ በ1981 የዜሮክስ ስታር፣ በ1984 የአፕል ማኪንቶሽ የወጡት ከዚህ መስመር ነው። በማዕከሉ ይሠራበት የነበረው ብራቮ የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ግን የድሮውን ጠባይ አልተወም። አንድ ቁልፍ አንዳንዴ ፊደል ይጽፋል፣ አንዳንዴ ትእዛዝ ይሆናል። ትእዛዝ በሚጠብቅበት ሰዓት አንድ ሰው በእንግሊዝኛ «ኤዲት» ብሎ ቢጽፍ፣ የመጀመሪያው ፊደል ሰነዱን በሙሉ ይመርጣል፣ ሁለተኛው ይሰርዘዋል፣ ሦስተኛው ጽሑፍ ማስገባት ይጀምራል፣ አራተኛው ፊደል ብቻውን ባዶው ገጽ ላይ ቁጭ ይላል። እዚያው ይሠራ የነበረው ላሪ ቴስለር ይህን ጠባይ ዕድሜ ልኩን ሲዋጋው ኖረ። ከቲም ሞት ጋር በሠራው ጂፕሲ በተባለው ማረሚያ ፊደል ሁልጊዜ ፊደል ነው፤ መጀመሪያ ጽሑፉ ይመረጣል፣ ከዚያ ምን እንደሚደረግበት ይታዘዛል። ዛሬ ሳናስበው የምንሠራበት ቆርጦና ቀድቶ መለጠፍም ከዚያ ሥራ የወጣ ነው።

ይህ ርክክብ ኮድ ውስጥ የራሱ ቅርጽ አለው። የዴስክቶፕ ፕሮግራም ሲከፈት መስኮቱን ያዘጋጅና መጠበቅ ይጀምራል። ማውዝ ሲንቀሳቀስ፣ ቁልፍ ሲጫን፣ መስኮት ሲሰፋ ስርዓተ ክወናው እያንዳንዱን ክስተት በወረፋ ያሰልፍለታል፤ ፕሮግራሙ ከወረፋው አንድ ያነሳል፣ መልስ ይሰጣል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ዊንዶውስም ሆነ ማክ፣ የበይነገጽ መሥሪያዎቹ ኪውትም ሆነ የጃቫው ስዊንግ፣ ልባቸው ይኸው ዙር ነው። ጥራቱ የሚታየው በትንንሹ ነገር ላይ ነው። አንድ ተራ አዝራር እንውሰድ። ማውዙ ሲጫንበት አዝራሩ ወደ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ሥራው ግን ገና አልተጀመረም። ጣት ሳይነሳ ጠቋሚው ከአዝራሩ ውጭ ቢጎተት አዝራሩ ወደ ቀድሞ መልኩ ይመለሳል፤ መልሶ ቢገባ እንደገና ይጎደጉዳል። ትእዛዙ የሚፈጸመው ጣት አዝራሩ ላይ ሳለ ሲነሳ ብቻ ነው። «ሰርዝ» የሚለውን ተጭኖ የደነገጠ ሰው ጣቱን ሳያነሳ ጠቋሚውን ገሸሽ ያደርጋል፣ ምንም አይሆንም። በመጫንና በመልቀቅ መካከል ባለችው ቅጽበት ሐሳብ የመለወጥ መብት ተቀምጧል። አዝራሩን ከባዶ ራሱ ስሎ ሥራውን ከመጫኑ ጋር ያያያዘ ፕሮግራመር፣ ስዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ያንን መብት ወስዷል።

መጠበቅ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ አብዛኛው የበይነገጽ ሕመምም ከዚህ ይነሳል። ወረፋውን የሚያስተናግደው ትሬድ፣ ማለትም የሥራ ክር፣ አንድ ነው፤ መስኮቱን የሚነካውም እሱ ብቻ ነው። «ሪፖርት አውጣ» የሚለውን የነካች የሒሳብ ሠራተኛ ፕሮግራሟ እዚያው ላይ አርባ ሺህ መዝገብ መቁጠር ከጀመረ፣ ብቸኛው ባለሱቅ ዕቃ ፍለጋ ጓዳ ገብቶ እንደቀረበት ሱቅ ይሆናል፤ ደንበኛው መስኮቱ ላይ ተደርድሮ ይጣራል፣ የሚሰማ የለም። እሷም ደጋግማ ትጫናለች። ዊንዶውስ አንድ መስኮት 5 ሰከንድ ያህል ክስተቶቹን ካላነሳ ምላሽ የማይሰጥ ብሎ ርዕሱ ላይ ይጽፍበታል፣ የሰው ትዕግሥት ግን ከዚያ በፊት ያልቃል። ተመራማሪው ሮበርት ሚለር በ1968 ባወጣው ጥናት፣ ቁልፍ ተጭኖ ፊደሉ እስኪታይ ላለው ዓይነት ምላሽ ያስቀመጠው ገደብ ከሰከንድ አንድ ወይም ሁለት አሥረኛ አይበልጥም። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ከባዱ ሥራ ወደ ሌላ ትሬድ ይላካል፣ ሲያልቅ ውጤቱ እንደማንኛውም ክስተት በወረፋው በኩል ይመለሳል። ብዙዎች እዚህ ይደርሱና የሚሞላ መስመር አሳይተው ያቆማሉ። የሚሞላው መስመር ፕሮግራሙ ስለራሱ የሚናገረው ነው፤ ለሰውየው የሚያስፈልገው «ተወው» የሚል አዝራር ነው። እሱ ይከብዳል፤ ከበስተጀርባ ያለው ሥራ በየመሃሉ ቆም ብሎ «ተው ተብያለሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅና የጀመረውን ሳያበላሽ መውጣት አለበት። በኋላ ልጨምረው ቢባል ኮዱን ከሥሩ ማፍረስ ስለሚጠይቅ ከመጀመሪያው ቀን መታሰብ ያለበት ነገር ነው።

ተጠቃሚው ይሳሳታል፣ ሥልጣኑን ሁሉ ከሰጠነው ያጠፋል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። አስተዳዳሪዎችም በዚህ ምክንያት «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ሣጥን በየቦታው እንዲደረግ ያዝዛሉ። ሣጥኑ ግን በቀን ሃያ ጊዜ ብቅ ሲል እጅ ይለምደዋል፤ ሰውየው ሳያነበው «አዎ» ይላል፣ የፈራነው ስህተት ያው ያልፋል፣ ጥፋቱ ግን አሁን የሱ ተደርጎ ይጻፍበታል። የተሻለው መልስ መቀልበስ ነው። እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲፈጸም መቀልበሻውም አብሮ ይመዘገባል፤ ረድፍ ከተሰረዘ የረድፉ ይዘትና ቦታው ይያዛል፣ ሲጠየቅ ይመለሳል። ይህን በቀላሉ ማድረግ የሚቻለው መረጃውና ስዕሉ ከተለያዩ ነው። ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሬንስካውግ በ1979 እዚያው የዜሮክስ ማዕከል ውስጥ ያቀረበው ክፍፍልም፣ መረጃው ለብቻ፣ ማሳያው ለብቻ፣ ትእዛዝ ተቀባዩ ለብቻ የሚለው፣ እስከ ዛሬ የሚያገለግለው በከፊል ለዚህ ነው። መቀልበስ የማይቻል ነገር እንዳለ አልክድም። ከባንክ የወጣ ገንዘብ በአንድ ቁልፍ አይመለስም። እዚያ ሣጥኑ ይገባዋል፤ ሲመጣ ግን የገንዘቡን መጠንና የተቀባዩን ስም ይዞ ይምጣ፣ አዝራሩም «አዎ» ከማለት «ላክ» ይበል።

የአማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ ይህን ርክክብ በራሱ መንገድ ይፈትነዋል። የኢትዮጵያ ፊደል የዓለም ፊደላት የጋራ ኮድ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ከገባ በኋላ ፊደላችን በየፕሮግራሙ የመታየቱ ችግር እየቀለለ መጣ፤ መጻፉ ግን ሌላ ነው። በድምፅ በሚሠሩት ኪቦርዶች «ሰላም» ለማለት አምስት ቁልፍ ይጫናል፣ የሚወጣው ሦስት ፊደል ነው። መጀመሪያ ስ ይታያል፣ ቀጥሎ ወደ ሰ ይለወጣል፤ ከዚያ ሰል፣ ሰላ፣ ሰላም። በመሃል የሚታየው ፊደል ገና ያላለቀ ነው። የጽሑፍ ሣጥኑን ከስርዓተ ክወናው ተረክቦ የተጠቀመ ፕሮግራመር ይህ ሁሉ ያለ ድካም ይሠራለታል። የቁልፍ ምቶችን በቀጥታ እየያዘ ራሱ ፊደል ልጻፍ ያለ ግን ስ ቦታዋን ሳትለቅ ሰ ሊከተላት ይችላል፤ በየምቱ የሚፈልግ የመፈለጊያ ሣጥንም ሰውየው ያላሰበውን ሲፈልግ ይውላል። በፒክስል ቆጥሮ አዝራሮችን የቸነከረም እንዲሁ ነው፤ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲዞር ወይም ሰውየው ፊደሉን ሲያተልቀው የቃሉ ጫፍ ይቆረጣል። ኪውትና ጂቲኬን የመሰሉት መሣሪያዎች በአቀማመጥ ደንብ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ይኼ ከዚያ ቀጥሎ፣ ይኼ ቦታ ሲገኝ ይስፋ፣ ይኼ ከጽሑፉ አይጥበብ ይባላል፣ ልኩን መስኮቱን የያዘው ሰው ይወስናል።

ሥራው ሁሉ ወደ ድረ ገጽ እየሄደ ዴስክቶፕ ምን ያደርጋል የሚሉ አሉ። ብዙ ሥራ መሄዱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ድረ ገጹን የሚያሳየው ብራውዘር ራሱ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው፤ ገጹ ውስጥ የሚሮጠው ጃቫስክሪፕትም በዚያው የክስተት ዙር ይሠራል፣ ሲታነቅም በዚያው ምክንያት ይታነቃል። ፒችትሪ ላይ ሒሳብ የሚይዘው፣ አውቶካድ ላይ ሕንፃ የሚነድፈው ሰው ደግሞ ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሥራው አይቆምም።

ከዚህ የሚጠነክረው የመሣሪያዎቹ ጥያቄ ነው። ከ1988ቱ የኔክስት ኢንተርፌስ ቢልደርና ከ1991ዱ ቪዥዋል ቤዚክ ጀምሮ አዝራርን ጎትቶ መስኮት ላይ ማስቀመጥ የደቂቃ ሥራ ሆኗል፤ አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መስኮቱን ከነኮዱ ይጽፋል። ታዲያ ምን የሚማሩት ሙያ ቀረ? መሣሪያው የሚያስቀምጠው የሚታየውን ነው። ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዞ ሲገኝ፣ ዲስኩ በማስቀመጥ መሃል ሲሞላ፣ ሰውየው ሪፖርቱ ሳያልቅ መስኮቱን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚወስን ሰው አሁንም ያስፈልጋል። የማይታየው ክፍል አስፈላጊነት ከሁሉ ግልጽ ሆኖ የሚታየው ዓይነ ስውር ተጠቃሚ ጋ ነው። ኤንቪዲኤን የመሰለ ስክሪን አንባቢ ስዕል አያይም፤ ከስርዓተ ክወናው የሚቀበለው ስም፣ ዓይነትና ሁኔታ ነው፦ «አስቀምጥ፣ አዝራር፣ አሁን የማይሠራ»። ሰውየው በታብ ቁልፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሄዳል፣ ቅደም ተከተሉም ትርጉም ያለው መሆን አለበት። መደበኛው አዝራር ይህን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ለውበት ተብሎ በስዕል የተሠራውና ስም ያልተሰጠው አዝራር ግን ለዚህ ሰው «አዝራር» ከማለት በቀር የሚነግረው የለም፣ ብዙ ጊዜም ታብ ሳይቆምበት ያልፈዋል። ፕሮግራመሩ ማውዙን ወደ ጎን ትቶ በኪቦርድ ብቻ ከመግቢያው እስከ ማስቀመጫው አንዴ ቢሠራበት ይህን ጉድለት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል፣ ስሙን መስጠትም አብዛኛውን ጊዜ የአንድ መስመር ኮድ ነው።