ስለ አሮጌ ፒክአፕ መኪናዎች አመራመር፤ ከፋብሪካው የወጣውን በኋላ ከተጨመረው ለይቶ ስለ ማወቅ

በዞንና በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ግቢ፣ ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከመጋዘን ጓሮ፣ ሥራቸውን ጨርሰው የቆሙ ፒክአፕ መኪናዎች ይገኛሉ። በንብረት መዝገብ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «አንድ አሮጌ ቶዮታ» ወይም «አንድ የማይሠራ ላንድሮቨር» ከሚል ቃል በቀር ሌላ አይጻፍላቸውም። እንዲህ ያለው አጻጻፍ ለጸሐፊው ቀላል ነው፤ መኪናው ለጨረታ በሚቀርብበት ቀን ግን ሻጩ መሥሪያ ቤት ያላወቀውን ገዥው ያውቀዋል። ፋብሪካው የሰጠው ዕቃ ያልጎደለበት መኪና ከስብርባሪ ብረት እኩል ሲገመት የሚጎድለው ገንዘብ የሕዝብ ነው። መኪናው የሚጠገን ቢሆንም ዓይነቱ ሳይታወቅ የታዘዘ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ ተጭኖ በደጀንና በቢቸና በኩል ሞጣ ድረስ ከመጣ በኋላ አልገጥምም ይላል፤ የዘር ማከፋፈያውም ወራት እስከዚያው ያልፋል።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ከባድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግሎት ሰጥተው በሚገቡ መኪናዎች ላይ እንደ ዕድሜያቸው ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። በውጭ ሀገርም የቶዮታ ላንድክሩዘርን የቀድሞ ዓይነት በውድ ዋጋ እየፈለጉ የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነርሱም አብልጠው የሚከፍሉት ከፋብሪካ እንደ ወጣ ለተገኘው ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃላቱ ጥቂት እንናገር። የመካኒኮቻችን ቋንቋ ከጣሊያን ብዙ የወረሰ ስለሆነ፣ መዝገብ የሚጽፈው ሹም ኮፋኖ የሞተሩ ክዳን፣ ካሶኒ የጭነቱ ሳጥን፣ ማስኬሪና የራዲያተሩ የፊት መከታ፣ ባሌስትራ የተነባበረው የብረት ሞላ፣ ካምቢዮ የማርሹ ቤት መሆኑን ማወቅ ይገባዋል። በመዝገብም ላይ እነዚህኑ ቃላት ቢጽፍ ይሻላል፤ በረቀቀ ቃል የተጻፈ መዝገብ በጋራዥ ውስጥ አንባቢ አያገኝም።

ምርመራው የሚጀመረው ከወረቀቱ ሳይሆን ከመኪናው ነው። ሊብሬ ሊሳሳት ይችላል፤ ከስሕተቱም ሁሉ የሚከፋው የዘመን አቆጣጠር ነው። የተሠራበት ዓመት በእኛ ይሁን በአውሮፓ አቆጣጠር ሳይለይ ከመዝገብ ወደ መዝገብ የተገለበጠ እንደ ሆነ 7 ወይም 8 ዓመት ይዛባል። ለምሳሌ 1977 የሚል ቁጥር በአውሮፓ ከሆነ መኪናው ላንድክሩዘር 45 ነው፤ በእኛ ከሆነ ግን 45 ቀርቶ በ75 የተተካበት ጊዜ ነው። የሁለቱ መለዋወጫ በብዙው አይገናኝም።

በላንድክሩዘር ላይ የስም ሰሌዳው ከሞተሩ በስተኋላ ባለው የብረት ግድግዳ ላይ ወይም በካቢናው ውስጥ ተመትቶ ይገኛል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ፊደልና ቁጥር እያንዳንዱ ትርጉም አለው። ኤች ጄ 45 ኤል ፒ የሚል ቢሆን፣ ኤች የሞተሩ ቤተሰብ ስም ሲሆን ናፍጣ መሆኑን ያመለክታል፤ በስፍራው ኤፍ ቢገኝ ቤንዚን ነው። ጄ ላንድክሩዘር ማለት ነው፤ 45 ረጅሙን ሻንሲ፣ ኤል መሪው በግራ መሆኑን፣ ፒ ፒክአፕ መሆኑን ይናገራሉ። ከ1984 እ.ኤ.አ. ወዲህ በወጡት በ75ቶቹ ላይ ከጭረት በኋላ ሌሎች ፊደሎች ይከተላሉ፤ ኬ ቢል ባለ 4፣ ኤም ቢል ባለ 5 ማርሽ ነው፤ ቀጥሎ ያለው አር ጌጥ ያልበዛበትን ተራውን ደረጃ ያሳያል። የመጨረሻው ፊደል መኪናው የተሠራለትን ገበያ የሚነግር ሲሆን፣ ቪ ሆኖ ቢገኝ ለዐረብ ሀገሮች የተሠራና ወደ እኛ በሌላ እጅ ዞሮ የገባ ሊሆን ይችላል። በዚያው ሰሌዳ ላይ የቀለሙና የመቀመጫው ልብስ ቁጥር ለብቻው ተጽፏል፤ ስለዚህ ዛሬ ነጭ ሆኖ የሚታየው መኪና ሲወለድ ምን መልክ እንደ ነበረው ከዚያ ይታወቃል።

የሞተሩም መጠን ከዘመኑ ጋር መስማማት አለበት። የቀድሞው ኤፍ ቤንዚን 3.9 ሊትር ሲሆን፣ በ1975 እ.ኤ.አ. 2ኤፍ የተባለው 4.2 ሊትር ተተካው። ናፍጣው ኤች 3.6 ሊትር ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. 2ኤች በሚል ስም 4.0 ሊትር ሆነ፤ ፒክአፑም ከዚያ ወዲህ 47 ተባለ። 1ኤች ዜድ የተባለው 4.2 ሊትር ናፍጣ የመጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ በ45 ላይ ተገጥሞ ቢገኝ በኋላ የገባ ነው። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በሊብሬው ላይ ያልተመዘገበ እንደ ሆነ ግን ጥያቄ ያስነሣል። 79 የተባለውን ከ75 ለመለየት ደግሞ ሰሌዳ ማንበብ እንኳ አያስፈልግም፤ በ1999 እ.ኤ.አ. በተደረገው ለውጥ የፊት ባሌስትራው በጥቅል ሞላ ተተክቷል፣ ጎማውን የሚይዙት 6 ብሎኖችም 5 ሆነዋል።

የሻንሲው ቁጥር ራሱ በላንድክሩዘርም በላንድሮቨርም በፊት በቀኝ በኩል፣ በሻንሲው ብረት ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ካነሡ በኋላ ጠመኔ ቢያሹበት ቁጥሩ ይጎላል፤ በሞላ መፋቅ ግን ክልክል ነው፣ ምልክቱን ያጠፋልና። ብራና የሚያውቅ ሰው ተፍቆ የተጻፈበትን ስፍራ በቆዳው መሳሳትና በቀለሙ መፍሰስ እንደሚለየው ሁሉ፣ ተፍቆ የተመታ ቁጥርም በብረቱ መጉደጉድ፣ በፊደሎቹ መዛነፍና በጥልቀታቸው አለመስተካከል ይታወቃል። እንዲህ ያለ ቁጥር የተገኘ እንደ ሆነ ሹሙ በራሱ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ ለፖሊስና ለመንገድ ትራንስፖርት ያስታውቅ።

ላንድሮቨር ከመጀመሪያው ለእርሻ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ለእኛ መሥሪያ ቤት ልዩ ነገር አለው። እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ ያሰበው ይህ መኪና በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ ወር 1948 እ.ኤ.አ. ነው። በእንግሊዝ ሀገር ከጦርነቱ በኋላ ብረት ይመጠን ስለ ነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ፤ ሻንሲው ግን ብረት ነው። ሁለተኛው ዓይነት በ1958፣ ሁለተኛ ሀ የተባለው በ1961፣ ሦስተኛው በ1971 እ.ኤ.አ. ወጡ። የፊት መብራቱ በማስኬሪናው መካከል ከሆነ የቀድሞው ነው፤ ወደ ክንፎቹ የተዛወረው በ1968 እና በ1969 እ.ኤ.አ. ነውና። የፍጥነትና የነዳጅ መቁጠሪያው በመካከል ከሆነ ከሁለተኛው ወይም ከዚያ የሚቀድም፣ ከነጂው ፊት ለፊት ከሆነ ሦስተኛው ነው። መሪው በቀኝ የሆነ አሮጌ ላንድሮቨር ቢገኝ ወዲያው ተዛውሮ የተገጠመ ነው አይባልም፤ ሀገራችን በግራ መንዳት ትታ በቀኝ የያዘችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የገባ ሊሆን ይችላል።

ከፋብሪካው በትእዛዝ ይጨመሩ ከነበሩት ዕቃዎች ዋነኛው ከማርሹ ቤት ጉልበት ወስዶ ለሌላ ሥራ የሚያውለው ዘንግ ነው። በላንድሮቨር በስተኋላ ሲወጣ የጥርስ ዘንግ ወይም የቀበቶ መዘውር ይኖረዋል፤ ይህም እህል መውቂያን፣ መጋዝን፣ የውኃ መሳቢያን ያዞራል። ጤፍ በበሬ እግር በሚበራይበት በእነማይና በሁለት እጁ እነሴ ይህ ዕቃ እንደ ትርፍ ብረት ተቆጥሮ ተፈትቶ ሲጣል ማየት የሚያሳዝን ነው። በፊት በኩል ደግሞ ከሞተሩ ጉልበት የሚወስድ የገመድ መጎተቻ አለ፤ በላንድክሩዘርም እንደዚሁ። በክረምት ዋልካ ውስጥ ለተዘፈቀ መኪና ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የሞጣ ነጂ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። በጣራው ላይ ሌላ ጣራ የተደረበበት ላንድሮቨርም ለሞቃት ሀገር ተብሎ በፋብሪካ የተሠራ ነው፤ ሹፌሩ ለጌጥ ያስቀጠለው አይደለም።

የፋብሪካ የሆነውን ከጋራዥ ሥራ ለመለየት ቀዳዳዎቹን ይመልከቱ። ፋብሪካ የበሳው ቀዳዳ ክብ፣ ጠርዙ የጠራ፣ ውስጡም በመጀመሪያው ቀለም የተቀባ ነው፤ በኋላ የተበሳው ቀለሙን ሰንጥቆ ያለፈ፣ በእሳት የተቆረጠ እንደ ሆነም ጠርዙ የተጎረበጠ ነው። የፋብሪካ መጎተቻ በካቢናው ውስጥ የራሱ ማንሻና ከማርሹ ቤት እስከ ፊት የሚደርስ የራሱ ዘንግ አለው፤ በባትሪ ብቻ የሚሠራ መጎተቻ ግን ኋላ የመጣ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ከመቀመጫው ሥር፣ ከክሩስኮቱ በስተጀርባና ከበሩ ጎሚኒ በታች ሳይለወጥ ይቀራል።

ከተሰበረ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣ ማግኔትም ብዙ ይረዳል። በላንድሮቨር አካል ላይ ማግኔት አይጣበቅም፤ ከተጣበቀ ያ ክንፍ በሀገር ውስጥ ከላሜራ የተቀጠቀጠ ነው። የሞተሩ ግድግዳና የበሩ ክፈፍ ከፋብሪካም ብረት ስለሆኑ ግን በእነርሱ አይፈረድም። በቶዮታ ነገሩ ይገለበጣል፤ ብረቱ ማግኔት ሊይዝ ሲገባው ቢለቀው ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተሞልቷል። የላንድሮቨር አካል እያበራ ሻንሲው ከውስጥ በጭቃና በዝገት ሊበላ ስለሚችል፣ በትንሽ መዶሻ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ይገባል።

በእኛ አስተያየት ማስኬሪናና የፊት መብራት ክፈፍ ደካማ ምስክሮች ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ተፈትተው ይለወጣሉና። ሁለት ባትሪ መኖሩም እንዲሁ 24 ቮልት ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተያይዘው ከሆነ 12 ቮልት፣ አንዱ ከሌላው ተከትሎ ከሆነ 24 ቮልት ነው፤ ይህን ሳያረጋግጡ አምፖል ማዘዝ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

ምርመራው ሲያበቃ በመዝገቡ ላይ የሰሌዳው ፊደልና ቁጥር ምንም ሳይቀነስ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር፣ የመሪው ወገን፣ የማርሹ ብዛት፣ ከፋብሪካ የመጡት ትርፍ ዕቃዎችና የጎደሉት በየስማቸው ይጻፉ፤ ዓመቱም በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ይገለጽ። ሰሌዳው ከመኪናው ላይ ተነቅሎ በፋይል እንዳይቀመጥ፤ መኪናው ቀለም በሚቀባበትም ጊዜ ሰሌዳው ቀድሞ በግራሶ ተቀብቶ በወረቀት ይሸፈን።