ገመድ ሁሉ ገመድ አይደለም



በየቤታችን ጣራ ላይ ዲሽ ተተክሎ እናያለን። ሰው ዲሽ ሊገዛ ሲነሣ ስለ ሳህኑ ስፋትና ስለ ሪሲቨሩ ዓይነት ብዙ ይጠይቃል፤ ሁለቱን ስለሚያገናኘው ገመድ ግን የሚጠይቀው ዋጋውን ብቻ ነው። እኔ የፊዚክስ ትምህርት እወዳለሁና ይህ ገመድ ምን እንደ ሆነ፤ እንዴትስ እንደሚመረጥ በተቻለኝ መጠን ለማስረዳት ይህን ጽፌአለሁ። ነገሩ የእውቀት ብቻ ሳይሆን የገንዘብም ነው። በሠፈራችን ሥዕሉ እየተቆራረጠ ያስቸገራቸው አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጉሮሮ ነጥቀው አዲስ ሪሲቨር ገዙ፤ ሥዕሉ ግን አልተሻለም። ለካስ ጥፋቱ ውሃ የገባበት የገመዱ ጫፍ ኖሯል።

ይህ ገመድ ኮአክሲያል ይባላል፤ አንድ መካከል ያላቸው ሁለት አስተላላፊዎች ማለት ነው። በመካከሉ አንድ ሽቦ አለ፤ ሽቦውን ነጭ ፕላስቲክ ይከበዋል፤ ፕላስቲኩን ደግሞ ስስ የአሉሚኒየም ወረቀትና እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ የሽቦ መረብ ይሸፍኑታል፤ ከሁሉም በላይ የውጭው ልባስ አለ። የራዲዮው ሞገድ የሚጓዘው በሽቦውና በመረቡ መካከል ባለው በነጩ ፕላስቲክ ውስጥ ነው። መረቡ ሞገዱ ወደ ውጭ እንዳይባክን፤ የውጭውም ሁከት እንዳይገባ ይከለክላል። የዚህን ዓይነት ገመድ እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ እ.ኤ.አ. በ1880 በስሙ አስመዝግቦ ነበር። እንግዲህ ገመዱን ለመምረጥ አራት ነገሮችን መመልከት ያስፈልጋል።

አንደኛ፤ በልባሱ ላይ የተጻፈውን የኦም ቁጥር ማንበብ ነው። ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 75 ነው። ይህ ቁጥር በኦም መለኪያ የሚለካው ተራ ተቃውሞ አይደለም፤ ኢምፒዳንስ ይባላል፤ የሚወሰነውም በመካከለኛው ሽቦና በመረቡ ስፋት ንጽጽር፤ እንዲሁም በፕላስቲኩ ዓይነት ነው። በውስጡ አየር ብቻ ያለበት ገመድ ሞገድን እጅግ አነስተኛ በሆነ ብክነት የሚያሳልፈው በ77 ኦም አካባቢ ሲሆን፤ ብዙ ኃይል የሚሸከመው ግን በ30 ኦም አካባቢ ነው። ስለዚህ ደካማ ሞገድ ለሚቀበለው ቴሌቪዥን 75 ኦም፤ ለራዲዮ ማሠራጫዎች ደግሞ መካከለኛው 50 ኦም የተለመደ ሆነ። 50ውን ከ75ቱ ጋር ብናገናኝ ከመቶው የሞገድ ኃይል 4 እጁ ከመጋጠሚያው ወደ ኋላ ይመለሳል። ለዲሽ ከዳር እስከ ዳር 75 ኦም ይሁን።

ሁለተኛ፤ ርዝመቱን ማሰብ ነው። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ይህን ያህል ፈጣን ሞገድ በተራ ገመድ ውስጥ ብዙ ሳይርቅ ይደክማል። ስለዚህ በሳህኑ ፊት ያለው ኤል ኤን ቢ ሞገዱን አጉልቶ ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ዝቅ ያደርገዋል። እንዲያም ሆኖ አር ጂ 6 የሚባለው ገመድ በ2000 ሜጋኸርዝ በየ100 ሜትሩ 30 ዴሲቤል ያህል ያጠፋል። 3 ዴሲቤል ጠፋ ማለት ግማሹ ኃይል ጠፋ ማለት ነው። እንግዲህ ከ10 ሜትር በኋላ ግማሹ፤ ከ20 ሜትር በኋላ ሩቡ፤ ከ30 ሜትር በኋላ አንድ ስምንተኛው ብቻ ይቀራል። ቀጭኑ አር ጂ 59 ከዚህም የበለጠ ያጠፋል። ትርፉን ገመድ ጠቅልሎ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ማስቀመጥ ስለዚህ አይጠቅምም።

ሦስተኛ፤ የመካከሉን ሽቦ መመርመር ነው። ወደ ሱቅ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ። ማግኔቱ ከሽቦው ከተጣበቀ ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ በመዳብ የተለበጠ ነው። ይህ ለሞገዱ ጉዳት የለውም፤ በ1000 ሜጋኸርዝ ሞገዱ ከመዳቡ ውስጥ የሚጠልቀው የሚሊ ሜትር ሁለት ሺሕኛ ያህል ብቻ ነውና። ነገር ግን በዚያው ሽቦ ሪሲቨሩ ለኤል ኤን ቢው 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል፤ ይህ ኤሌክትሪክ በሽቦው ሙሉ ውፍረት ስለሚያልፍ ብረቱ ከመዳብ ይልቅ ይቃወመዋል። መንገዱ ረዥም ሲሆን ሙሉ መዳብ ይሻላል። መረቡም የሳሳ ሳይሆን ጥቅጥቅ ያለ ይሁን።

አራተኛ፤ ኮኔክተሩ ነው። ለዲሽ የሚያገለግለው ኤፍ የሚባለው ነው። ከመረቡ አንዲት ክር እንኳ የመካከሉን ሽቦ ከነካች ቮልቱ ይገናኝና ሪሲቨሩን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለዚህ ጫፉን ከመንካታችሁ በፊት ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። በእጅ እየተጠመዘዘ ከሚገባው ይልቅ በመጭመቂያ መሣሪያ የሚጠብቀው ይመረጣል። ውጭ ያለው ጫፍ ውሃ በማያስገባ የላስቲክ ጥቅል ይሸፈን፤ ገመዱም ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ይርገብ፤ የዝናቡ ውሃ ከዚያ ላይ ይንጠባጠባልና። ገመዱን እንደ ወረቀት አትጠፉት፤ የሚታጠፍበት ክብ ግማሽ ስፋት ከገመዱ ውፍረት አሥር እጥፍ፤ ማለት ለአር ጂ 6 ወደ 7 ሳንቲ ሜትር፤ ባያንስ መልካም ነው። ለፀሐይ የተጋለጠውም ጥቁር የፖሊኤትሊን ልባስ ያለው ይሁን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በክፍል ውስጥ ስለ ሞገድ የምንማረው ለፈተና ብቻ አይደለም። ወላጆቻችን በላባቸው ያገኙትን ገንዘብ ይዘው ወደ ሱቅ ሲሄዱ አብረናቸው ሄደን ጽሑፉን ብናነብላቸው፤ ማግኔቱንም ብናስጠጋ፤ ትምህርታችን ለቤታችን ጠቀመ ማለት ነው።