ለቄጠማው የተስማማ ዋንዛውን ገደለው!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቄጠማና ስለ ዋንዛ ነው። “ይሄ የግብርና ጉዳይ ነው እንጂ የዚህ ገጽ ወሬ ነው እንዴ?” የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ቆይ፣ ታገሱኝ። በእነዚህ በሁለቱ ሰበብ እናትና ልጅ ለሦስት ወር ያህል ሲኮራረፉ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ነገሩን ያበላሸሁት እኔው ራሴ መሆኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ፤ ስማቸው ይቅርና እኛ “እትዬ” እያልን ነው የምንጠራቸው። ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ወጥረው ቡና አፍልተው ይሸጣሉ። የግቢው ታችኛው ጥግ ከቧንቧው የሚተርፈው ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ስለሆነ እዚያ ቄጠማ ያበቅላሉ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ እያጨዱ ይሸጡታል። በአዘቦቱ ቀን ደግሞ ለራሳቸው ቡና ይጎዘጉዙታል። ለሌላው ሰው ሣር ነው፤ ለሳቸው ግን የበዓል ዶሮና ዘይት ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ልጃቸው ለስድስት ዓመት ዱባይ ሠርቶ ባለፈው ዓመት በጥር ወር መጣ። እናቱ ሸራ ሥር በፀሐይ ሲቃጠሉ ቢያይ አንጀቱ ተላወሰ። “ሳልሄድ ለእማዬ ጥላ የሚሆን ዛፍ እተክልላታለሁ” ብሎ የዋንዛ ችግኝ ገዛ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

“አንተ ጋዜጣ ላይ የምትጽፍ ሰው ነህ፣ የት ብተክለው ይሻላል?” አለኝ።

እኔ ደግሞ ትምህርቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያበቃው። ግን አላውቅም ማለት ሞት መስሎ ታየኝ። “ምን ያስጨንቅሃል? ዛፍ የሚፈልገው ውሃ አይደል! ታች ረግረጉ ላይ ትከለው። ሲያድግ ቡናውን ወደዚያ ታዞረዋለች” አልኩት።

እትዬ ገበያ በዋሉበት ቀን ልጅየው ቄጠማውን አጋምሶ ነቀለና ዋንዛውን ተከለ። ማታ ሲመለሱ የተናገሯት ነገር እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። “የእናቱን እንጀራ ነቅሎ ጥላ የሚሰጥ ልጅ ከየት ነው የመጣው?” አሉና ገብተው ተኙ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናትና ልጅ ከሰላምታ በላይ አልተነጋገሩም።

ጣጣው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የዋንዛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠወለገ። ልጁ “ጠምቶታል” ብሎ በባልዲ ውሃ ጨመረበት። ባሰበት። በሁለተኛው ወር ደርቆ ቀረ። ስንነቅለው ሥሩ ጠቁሯል፣ ይሸታል። ፋሲካ ሲመጣ ቄጠማውም ግማሽ፣ ዛፉም የለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይሄኔ ነው የገባኝ።

ሥርም ይተነፍሳል

ነገሩ ቢከነክነኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ ችግኝ ሲያፈሉ የኖሩ አንድ አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

“ልጄ፣ ውሃ ውስጥ ሰምጦ የሞተ ሰው ጠምቶት ነው የሞተው ትላለህ?” አሉኝ።

የነገሩኝን በአጭሩ ላካፍላችሁ። የዛፍ ሥር ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ አየርም ይፈልጋል። አየሩን የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ክፍተት ነው። ውሃ እዚያ ላይ ከተኛ ክፍተቱ ይሞላል፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ደግሞ ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ልክ እንደጠማው ሁሉ ይጠወልጋል። እኛ ይሄን አይተን ውሃ እንጨምራለን፤ በሽታውን መድኃኒት አድርገን ማለት ነው።

ቄጠማስ እንዴት እዚያው ይለመልማል? አንድ ዘለላ ቁረጡና በጣታችሁ አሽከርክሩት፤ ሦስት ጠርዝ አለው። ስትጫኑት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ውስጡ በአየር መተላለፊያ የተሞላ ስለሆነ ከላይ የተቀበለውን አየር ጭቃ ውስጥ ላለው ሥሩ ያወርድለታል። በጣና ሐይቅ ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም የዚሁ የቄጠማ ዘመድ ነው፤ ተንሳፍፎ ሰው የሚሸከመው ውስጡ አየር ስለሆነ ነው።

“ወንዝ ዳር የሚበቅለው ሾላስ?” ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። “የወንዝ ዳር ውሃ ይሄዳል እንጂ አይተኛም” አሉኝ።

ሁለቱን እናወዳድራቸው

በውሃ በኩል፦ ቄጠማ ሁልጊዜ እግሩ እርጥብ መሆን አለበት፤ ለሳምንታት ከደረቀበት ይቀጥናል፣ ይገረጣል። ዋንዛ ግን በበጋ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት፣ አልፎ አልፎ ጠለቅ ያለ ውሃ ይበቃዋል። ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ካለ ተዉት። በየቀኑ ጠብ ጠብ ማድረግ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

በፀሐይ በኩል፦ ሁለቱም ይወዱታል። ግን ዛፉ ሲያድግ ከሥሩ ያለው ቄጠማ ብርሃን አጥቶ ይመነምናል። ስለዚህ እኔ የመከርኩት ቦታ ዋንዛው ቢጸድቅ እንኳ ቄጠማውን ማጥፋቱ አይቀርም ነበር።

በቦታ በኩል፦ ቄጠማ በአንድ ትልቅ ሳፋ ጭቃም ይበቃዋል። ዋንዛ ከግድግዳና ከሽንት ቤት ጉድጓድ አምስት ሜትር ያህል ቢርቅ ይመረጣል። ጉድጓዱ በጥልቀትም በስፋትም 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ አፈሩን ከበሰለ ፍግ ጋር ቀላቅሉት። የሚተከለውም ክረምቱ ሲገባ ነው። እኛ በጥር መትከላችን ሌላው ጥፋት ነበር።

በትዕግሥት በኩል፦ ቄጠማ ሲታጨድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ የወራት ነገር ነው። ዋንዛ ዓመታት ይጠይቃል። በደረቁ ወቅት ቅጠሉን ሲያራግፍ ሞተ ብላችሁ እንዳትቆርጡት፤ ልማዱ ነው። በኋላ ግን በነጭ አበባው ይክሳችኋል። ልጅ ሆነን ፍሬውን ስንለቅም ጣፋጩ ከንፈራችንን ያጣብቀው ነበር። በቡና አብቃይ አገራችንም ቡናው የሚጠለለው በሱ ሥር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ሳፋ ላይ ውሃ አቁራችሁ ከሆነ በየሳምንቱ ድፉና ለውጡት። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ መራባት ትወዳለች። አበባው አማረኝ ብላችሁም እምቦጭን ግቢያችሁ እንዳታስገቡ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ሐይቁን ምን እንዳደረገው ታውቃላችሁ።

ወደ እትዬ ልመልሳችሁ

ከአዛውንቱ ዘንድ እንደተመለስኩ እናትና ልጁን አስቀምጬ “ጥፋቱ የኔ ነው” አልኳቸው። እትዬ ዝም ብለው ቆዩና “እሱስ ቢሆን መጀመሪያ እኔን ቢጠይቅ ምን ነበረበት?” አሉ። ልጁ ተነስቶ ጉልበታቸውን ሳመ። ያን ቀን ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ።

በሐምሌ ሌላ ዋንዛ ተተከለ። አሁን ቦታውን ያሳዩት እትዬ ናቸው፤ ከላይ በኩል፣ ውሃ ከማይተኛበት፣ ሸራው አጠገብ። ቄጠማው ከቀረው ሥሩ አቆጥቁጦ ለእንቁጣጣሽ ደረሰ። ልጁ ግን አላየውም፤ በነሐሴ ተመልሶ ሄዷል።

ዋንዛው ዛሬ ትከሻዬ ድረስ ነው። ጥላው ገና ለዶሮም አይበቃም። ልጁ በደወለ ቁጥር “ደረሰ?” ይላል። እትዬም “አይዞህ፣ ሥር እየያዘ ነው” ይሉታል።

እኔም ከዚያ ወዲህ ምክር ስጠየቅ “መጀመሪያ ባለቤቷን ጠይቅ” ማለት ጀምሬአለሁ። ወዳጆቼ፣ የምትወዱትን ሰው ለመርዳት ስትነሱ የሚፈልገውን እወቁለት። ለአንዱ ሕይወት የሆነው ውሃ ሌላውን ያሰጥማል።

ሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ቸር ያሰማን!