ክሬም ብሩሌና ሁለቱ እሳቶች
ክሬም ብሩሌ ከወተት ክሬም፣ ከእንቁላል አስኳል፣ ከስኳርና ከቫኒላ የሚሠራ፣ ከሥሩ ለስላሳ፣ ከላዩ ግን በተቃጠለ ስኳር የተሸፈነ የአውሮፓ ጣፋጭ ሲሆን፣ ሙያው የሚፈተነውም በግብዓቱ ሳይሆን በእሳቱ አያያዝ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1691 በታተመ የምግብ መጽሐፉ ያሰፈረው ፈረንሳዊው ፍራንሷ ማስያሎ ነው፤ እንግሊዞች ከካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ጋር፣ ካታሎናውያንም በሎሚ ልጣጭና በቀረፋ ከሚያጣፍጡት የራሳቸው ክሬም ጋር ቢያያይዙትም፣ ወተትና እንቁላል አርግቶ መብላት በአውሮፓ ከዚያ በፊት የኖረ ልማድ በመሆኑ የባለቤትነቱ ክርክር ብዙም ፍሬ የለውም።

ለአሠራሩ ግማሽ ሊትር ክሬም ከቫኒላ ጋር ይሞቅና፣ ከ80 ግራም ገደማ ስኳር ጋር በተመቱ 5 ወይም 6 አስኳሎች ላይ እየተማሰለ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ በአንድ ጊዜ ቢገለበጥ አስኳሉ በድንገት በስሎ ይጓጉላል። ተጣርቶ ወደ ትናንሽ ሳህኖች ከተቀዳ በኋላ ወሳኙ ሥራ ይጀምራል። በአስኳሉ ውስጥ ተጠቅልለው የሚገኙት ፕሮቲኖች ሲሞቁ ይፈታሉ፣ እርስ በርስም ተያይዘው ፈሳሹን የሚይዝ መረብ ይሠራሉ፤ ይህም በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሆናል። ሙቀቱ ከዚያ ካለፈ መረቡ ይኮማተርና፣ አይብ ሲወጣ አጓቱ እንደሚለይ ሁሉ፣ ውኃው ተጨምቆ ይወጣል። ሳህኖቹ እስከ ወገባቸው ሙቅ ውኃ በተሞላ ፓትራ ተደርድረው በ150 ዲግሪ ኦቨን የሚጋገሩትም ስለዚህ ነው፤ ውኃው ከመፍያው ነጥብ በላይ ስለማይሞቅ ከኦቨኑ ግለት ይጋርዳቸዋል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት ግን በመውጫው ሰዓት ነው፤ ዳሩ ረግቶ መካከሉ ገና ሲንቀጠቀጥ መውጣት አለበት፣ በያዘው ሙቀት መርጋቱን ይቀጥላልና።

ሁለተኛው እሳት ብርቱና አጭር ነው። በማቀዝቀዣ በሚገባ በቀዘቀዘው ክሬም ላይ ስኳር በስሱ ይነሰነስና በትንሽ የጋዝ ነበልባል፣ በቀድሞው ዘመን ደግሞ በፍም በጋለ ብረት፣ ይቃጠላል። ስኳሩ 160 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጥና ሞለኪውሎቹ ተሰባብረው ቡናማ ቀለምና ጥቂት ምሬት ያለው ካራሜል ይሆናል፤ ክሬሙ ቀዝቃዛ ካልሆነ ግን ነበልባሉ ከሥር ያለውንም ዳግም ያበስለዋል። ካራሜል እርጥበት ስቦ ስለሚሟሟ፣ ተቃጥሎ ያደረ ክሬም ብሩሌ ቅርፊቱን ያጣል፤ ስኳሩን ለገበታ በሚቀርብበት ሰዓት ማቃጠል የሚሻለውም ለዚህ ነው። ካራሜሉ ከሥር በሚፈስስበት በክሬም ካራሜል ግን ይኸው መሟሟት ተፈላጊ ነው፤ ሳህኑ ሲገለበጥ በጎኑ የሚወርደው ሽሮፕ የሚገኘው ከዚያ ነውና።