የፎገራ የመሬት ደብተርና የመረጃ ቋት ታሪክ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ድልድይ ሲሻገር ከፊቱ የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ፎገራ ነው። በወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል የሚወርደው ጉማራና ከወረታ በስተሰሜን ያለው ርብ፣ ሁለቱም ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። ክረምት በበረታ ጊዜ ግን ወንዞቹ በመውረጃቸው ብቻ አይወሰኑም፤ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ሲመለሱም ደለላቸውን ትተው ይሄዳሉ። ይህ ደለል የፎገራ ሀብት ነው። በ1970ዎቹ ወደዚህ አገር የገባው ሩዝ በዚሁ አፈር ላይ ስለ ተስማማው፣ ዛሬ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የሚገኘው በወረታ ነው። ይሁን እንጂ ሩዝን የሚያበቅለው ያው ደለል የወሰን ድንጋይንም ይቀብራል።

እንግዲህ አንድ ነገር እናስብ። ባሏ የሞተባት አንዲት የፎገራ ሴት፣ ልጆቿ ለሥራ ባሕር ዳር ስለ ገቡ የሩዝ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች እንበል። ክረምቱ አልፎ ውሃው ሲጎድል የወሰኑ ድንጋይ የለም፤ በስተሰሜን ያለው ጎረቤትም «ድንበሩ ከዚህ ነበር» ብሎ ጥቂት ክንድ ገፍቶ ዐርሷል። ሴትዮዋ ደብተሯን ከሣጥን አውጥታ ወደ ሽማግሌዎች ትሄዳለች። ደብተሩ የእርሷንና የሟች ባሏን ስም ከነፎቶግራፋቸው የያዘ፣ የመንግሥት ማኅተም ያረፈበት ነው። ሲነበብ ግን በስተሰሜን የሚያዋስናት «እገሌ» ነው ይላል። ያ እገሌ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖታል፤ መሬቱንም ሦስት ልጆቹ ተካፍለውታል። ዛሬ ከእርሷ ጋር የተጣላው ሰው ከሦስቱ አንዱ ይሁን ወይም ከእነርሱ የተከራየ ሌላ ገበሬ፣ ደብተሩ አያውቅም።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ምዝገባው እንዴት እንደ ተከናወነ ማስታወስ ያሻል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ግድም ነው። በየቀበሌው ገበሬዎች ራሳቸው የመረጧቸው ኮሚቴዎች ማሳውን እየዞሩ በገመድ ለኩ፤ የባለይዞታውን ስምና በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑትን ሰዎች ስም ጻፉ። አንዱ ጽሑፍ በወረዳው ባሕር መዝገብ ገባ፤ ሌላው ደብተር ሆኖ ለገበሬው ተሰጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ ያለ ብዙ ወጪ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ባለይዞታዎች ደብተር አገኙ። በተለይም የሚስት ስም ከባል ስም ጎን መጻፉ ስንቷን ሴት ከመፈናቀል እንዳዳነ መገመት አያዳግትም። እኔ ይህን ሥራ ከሚያቃልሉት ወገን አይደለሁም።

ነገር ግን አጻጻፉን ልብ እንበል። አራት ጎረቤት ያለው ገበሬ ስሙ በአምስት ቦታ ይጻፋል፤ አንድ ጊዜ በራሱ ገጽ፣ አራት ጊዜ በጎረቤቶቹ ገጽ። ሲሞት ወይም መሬቱን ለልጁ ሲያወርስ ጸሐፊው የራሱን ገጽ ያርማል። አራቱን የሌሎች ገጽ ግን ማን ፈልጎ ያርማቸዋል? ይህ የጸሐፊው ስንፍና አይደለም። አንድ ነገር በብዙ ቦታ ከተጻፈ፣ ውሎ አድሮ እርስ በርሱ መጣላቱ አይቀርም። የመረጃ ቋት የሚባለው ጥበብ በአብዛኛው ከዚህ ችግር ጋር የተደረገ ትግል ነው።

ቋት ማለት፣ የወፍጮ ቤት ልጆች እንደሚያውቁት፣ ዱቄቱ የሚጠራቀምበት ነው። ቃሉን ለዳታቤዝ የመረጡት ሰዎች በጎ አድርገዋል፤ ይሁንና ምሳሌው አንድ ነገር ይጎድለዋል። ከወፍጮ ቋት የገባው ሁሉ ተደባልቆ ይወጣል፤ ከመረጃ ቋት ግን እያንዳንዱ ፍሬ ተለይቶ መውጣት አለበት። ይህን የሚያደርገው፣ በቋቱና በጠያቂው መካከል የቆመው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የመረጃ ቋት አስተዳደር ሥርዓት ይባላል። እርሱ ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል፣ ሲጠየቅም ይመልሳል።

ጠባቂ መሾም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭና ስጦታ በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። የእማኞች ስም ይዘረዘራል፤ ውሉን የሚያፈርስ ሰው በግዝት ይታሰራል። ግዝቱ የመዝገቡ ቁልፍ ነበር ማለት ይቻላል። ችግሩ፣ የትኛው ውል በየትኛው መጽሐፍ ኅዳግ እንዳለ የሚያውቀው ያን መጽሐፍ የሚጠብቀው ሰው ብቻ መሆኑ ነው።

የሚያስገርመው ነገር፣ ኮምፒዩተር ከተፈጠረ በኋላም ይኸው ችግር ለብዙ ዓመታት አብሮ መኖሩ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለየሥራው የየራሱን ፋይል በካርድና በቴፕ ያስቀምጥ ነበር። ደመወዝ ከፋዩ አንድ የሠራተኛ ዝርዝር አለው፤ የጡረታ ክፍሉ ሌላ አለው፤ ሁለቱም አይስማሙም። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሚስተር ቻርልስ ባክማን ይህን አይተው፣ ብዙ ፕሮግራሞች በአንድነት የሚጠቀሙበትን የመጀመሪያውን የመረጃ ማከማቻ ሥርዓት በእነዚያው ዓመታት ሠሩ። ብዙም ሳይቆይ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ፣ ሰውን ወደ ጨረቃ ለመላክ ለታሰበው ለአፖሎ ጉዞ የሚያስፈልጉትን እጅግ ብዙ የመሣሪያ ክፍሎች ለመቈጣጠር ከሮክዌል ጋር ሌላ ሥርዓት አዘጋጀ። ይህም በ1968 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀመረ፤ አይኤምኤስ ይባላል፤ ዛሬም በታላላቅ ባንኮች ያገለግላል።

የአይኤምኤስ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይሆንብንም። መንኰራኵሩ ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ ሞተሩ፤ ከሞተሩ ሥር ቧንቧው፤ ከቧንቧው ሥር ብሎኑ። ዛፍ ነው። በዚያው ዘመን በበጌምድር ጠቅላይ ግዛት የርስት ክርክር የሚካሄደው እንዲሁ አልነበረምን? ባለርስት ነኝ የሚል ሰው ከመጀመሪያው አቅኚ አባት ተነሥቶ፣ ልጅ የልጅ ልጅ እያለ፣ በዘር ቆጠራ እስከ ራሱ ድረስ ይወርዳል። ከላይ ወደ ታች ለሚጠይቅ መንገዱ ቀና ነው። አንድ ሰው ግን «በዚህች ማሳ ላይ መብት ያላቸው ሰዎች እነማን ናቸው?» ብሎ ከታች ቢጠይቅ ዛፉን ሁሉ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ መውጣት ግድ ነው። ቆጠራውን የሚያውቁት አዛውንት ከሞቱማ ክርክሩ ማለቂያ የለውም። በአይኤምኤስም እንዲሁ ነው፤ የዛፉን አሠራር የሚያውቀው ሰው ከሌለ ቋቱ ዝም ይላል።

ሚስተር ባክማን ዛፉን ወደ መረብ አስፍተውት ነበር፤ አንዱ መዝገብ ከብዙ ሌሎች ጋር በጠቋሚ ይያያዛል። በ1973 እ.ኤ.አ. የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበሉ ባደረጉት ንግግር ፕሮግራም ጸሐፊውን በመረጃ መካከል እንደሚቀዝፍ መርከበኛ አድርገው ገለጹት። መልካም ምሳሌ ነው። ነገር ግን መንገዱን የማያውቅ መርከበኛ ይሰጥማል፤ የወረዳ ጸሐፊም መርከበኛ እንዲሆን ሊጠየቅ አይገባም።

መርከበኛ የማያስፈልግበትን መንገድ ያሳዩት በእንግሊዝ አገር ተወልደው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን አብራሪ ሆነው፣ ኋላ በአይቢኤም የካሊፎርኒያ ቤተ ሙከራ የሠሩት የሒሳብ ሊቅ ዶክተር ኤድጋር ኮድ ናቸው። በሰኔ 1970 እ.ኤ.አ.፣ በእኛ 1962 ዓ.ም.፣ ባሳተሙት አጭር ጽሑፍ ያቀረቡት ሐሳብ በጥቂት ቃል ሲነገር ይህ ነው፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ይናገር፤ መንገዱን መፈለግ የሥርዓቱ ሥራ ይሁን። መረጃውም ሁሉ ዛፍም መረብም ሳይሆን ተራ ሠንጠረዥ ይሁን።

ይህን ትምህርት እኔ በዩኒቨርሲቲ ስማር የቀረበልን ምሳሌ የተማሪና የኮርስ ዝርዝር ስለ ነበር ፈተናውን አልፌ ምሥጢሩን ግን አልያዝሁትም። የገባኝ የመሬት ደብተር ባየሁ ጊዜ ነው። ስለዚህ በፎገራ እንሞክረው። አንድ ሠንጠረዥ ለሰዎች ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰው በአንድ ረድፍ፣ በአንድ መለያ ቁጥር ይጻፍ። ቁጥር ያስፈለገው በአንድ ቀበሌ ስንት ሰው ከነአባቱ አንድ ዓይነት ስም እንዳለው ስለሚታወቅ ነው። ሁለተኛው ሠንጠረዥ ለማሳዎች ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ማሳ ቁጥሩ፣ ስፋቱና የማዕዘኖቹ ልክ ይጻፍ። ሦስተኛው ሁለቱን ያገናኝ፤ ይህ ቁጥር ያለው ሰው በዚያ ቁጥር ማሳ ላይ፣ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ ይህን ያህል ድርሻ አለው ይበል። ባልና ሚስት በአንድ ማሳ ላይ ሁለት ረድፍ ይኖራቸዋል።

የአዋሳኝ ስምስ ወዴት ሄደ? ከነአካቴው አይጻፍም። ማን ከማን እንደሚዋሰን ከማዕዘኖቹ ልክ ይገኛል፤ የማሳው ባለቤት ማን እንደ ሆነ ደግሞ ከሦስተኛው ሠንጠረዥ። የሴትዮዋ ጎረቤት ሲሞትና ልጆቹ ሲካፈሉ የአባትየው ማሳ በሦስት ተከፍሎ በወራሾቹ ስም ይጻፋል፤ የእርሷን ገጽ ማንም ሳይነካው፣ በስተሰሜን ማን ያዋስናታል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የዛሬውን ሰው ስም ይሰጣል። ከሰውየው ወደ ማሳው፣ ከማሳውም ወደ ሰውየው፣ ከየትኛውም ወገን ቢጠየቅ መንገዱ እኩል ነው።

አይቢኤም ከአይኤምኤስ ብዙ ገንዘብ ያገኝ ስለ ነበር የራሱን ሠራተኛ ሐሳብ ወደ ገበያ ለማውጣት ዘገየ። ሆኖም በዚያው ቤት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በ1974 እ.ኤ.አ. ዛሬ ኤስኪውኤል የሚባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ ይፋ አደረጉ፤ ቦይስ በዚያው ዓመት በወጣትነቱ ሞተ። ቋንቋው በጣም ቀላል ነው፤ ሰሌክት ብሎ ምን እንደሚፈለግ፣ ፍሮም ብሎ ከየትኛው ሠንጠረዥ፣ ዌር ብሎ በምን ሁኔታ። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስቶንብሬከርና ዩጂን ዎንግ የኮድን ጽሑፍ አንብበው ኢንግረስን ሠሩ፤ የኢንግረስ ተከታይ የሆነው ፖስትግሬስ ዛሬ ማንም ሰው በነጻ ወስዶ የሚሠራበት ነው። ኦራክል በ1979፣ የአይቢኤም የራሱ ዲቢቱ በ1983 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ዋሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው በአብዛኛው የንግድ ታሪክ ነው።

አንድ ነገር ግን ሊታለፍ አይገባም። ውርስ ሲመዘገብ ሥራው ሁለት ነው፤ ከሟች ስም መሠረዝና በወራሽ ስም መጻፍ። የመጀመሪያው ተሠርቶ ሁለተኛው ሳይደርስ መብራት ቢጠፋስ? ማሳው ባለቤት አልባ ሆኖ ሊቀር ነው። መብራት በድንገት መጥፋቱን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ተረት አይደለም። መፍትሔውን ካጠሩት ሰዎች ዋናው ጂም ግሬይ ናቸው። ሁለቱ ሥራዎች ትራንዛክሽን በተባለ አንድ ውል ይታሰራሉ፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዱም አልተሠራም። ሥርዓቱ ቋቱን ከመንካቱ በፊት ሊሠራ ያሰበውን በውሎ መዝገብ ይጽፋል፤ መብራት ሲመለስ ያን አንብቦ የተጀመረውን ይፈጽማል ወይም ይሽራል። ግሬይ በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግን ሽልማት ተቀበሉ፤ በ2007 መጀመሪያ ብቻቸውን በጀልባ ከሳን ፍራንሲስኮ ወጥተው ሳይገኙ ቀሩ።

ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉግልና አማዞን በብዙ ሺህ መኪናዎች ላይ የተበተነ መረጃ ለመያዝ ከሠንጠረዥ ሕግ የላሉ ሥርዓቶችን አሳውቀዋል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ለፍጥነት ሲሉ መልሱ ለጥቂት ጊዜ ከቦታ ቦታ እንዲለያይ ይፈቅዳሉ። በገበያ ዘንቢል ውስጥ ያለን ዕቃ ለመቍጠር ይህ ይበቃ ይሆናል። በመሬት ግን አይሞከርም፤ ማሳው በወረታ የአባት፣ በባሕር ዳር የልጅ ሆኖ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ሊታይ አይገባም።

በአገራችን ሥራው ተጀምሯል። ከመጀመሪያው ደብተር በኋላ የመጣው ሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ እያንዳንዱን ማሳ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ለይቶ ቁጥርና ካርታ ይሰጠዋል፤ ደለል የቀበረው ድንጋይ ቢጠፋ እንኳ የማዕዘኑ ልክ በካርታው ላይ አለ። በአማራ ክልል ቀደም ሲል ኢስላ የተባለ የኮምፒዩተር የመሬት መዝገብ ነበር። ኋላም በግብርና ሚኒስቴር ሥር፣ በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ፣ ብሔራዊ የገጠር መሬት አስተዳደር መረጃ ሥርዓት ተዘጋጅቶ በየወረዳው እንዲሠራበት ተደርጓል።

ወጣት ሹም ሆኖ በእንዲህ ያለ ቢሮ የሚመደብ አንባቢ ይኖራልና አንድ ነገር ላስታውሰው። ቋቱ የተነገረውን ብቻ ያውቃል። በስሕተት የተጻፈን ስም ከትክክለኛው ስም ባላነሰ ታማኝነት ይጠብቃል። ገበሬው ደብተሩን ከተቀበለ በኋላ ውርሱን፣ ስጦታውንና ኪራዩን ሄዶ ካላስመዘገበ፣ ባለ ብዙ ሚሊዮን ብሩ ሥርዓት ከድሮው ባሕር መዝገብ ጋር እኩል ያረጃል። ማስመዝገብ ደግሞ በቃል እንደሚነገረው ቀላል አይደለም። ባሕር ዳር በቀን ሥራ የምትተዳደር አንዲት የፎገራ ልጅ አባቷ ቢሞቱ፣ የውርስ ማስረጃዋን ይዛ፣ የቀን ደመወዟን ትታ፣ ወረታ ድረስ መምጣት አለባት፤ ጉዳዩ በአንድ ቀን ካላለቀም ተመልሳ መምጣት ግድ ይሆንባታል። እስከዚያው ድረስ የማሳው ባለይዞታ ማን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሥርዓቱ በቅጽበትና ያለ ጥርጣሬ የአባቷን ስም ይመልሳል።