ስለ ዐሥራ ሁለተኛዪቱ ፒን

ባለፈው ክረምት አንድ የደሃና መምህር ዴስክቶፑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጭነት መኪና ወደ ሰቆጣ ይዞልኝ ከመጣበት ቀን ጀምሮ፣ ሥራዬን በያዝሁ ቁጥር የዚያ ማሽን ነገር ይመላለስብኛል። መምህሩ የኽምጣንጋን ቃላት ከየሽማግሌው አፍ እየለቀመ፣ ከነአማርኛ ፍቺያቸው ለዓመታት በዚያው፣ ኡቡንቱ በተባለው የሊኑክስ ሲስተም በሚሠራ ኮምፒውተር ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ነው። አንድ ቀን የሞኒተሩ ምስል ድንገት ወደ ጎን ተለጥጦ ቢደበዝዝበት፣ ከእኔ አስቀድሞ የተመለከተው ባለሙያ «ኡቡንቱው ተበላሽቷል፤ ፎርማት ይደረግ» ብሎ ፈረደ፤ ሃርድ ዲስኩንም ጠርጎ ሲስተሙን እንደ አዲስ ጫነው፤ ምስሉ ግን እንደ ተለጠጠ ቀረ። እኔ ዘንድ በደረሰ ጊዜ የቪጂኤ ኬብሉን ነቅዬ በባትሪ ብርሃን ብመረምረው፣ 12ኛዪቱ ፒን ጎብጣ ተኝታ አገኘኋት። ኬብሉን በለወጥሁ ጊዜ ምስሉ ጠራ፤ ቃላቱን ከዲስኩ ለማውጣት ግን ሁለት ሌሊት ብደክምም፣ አዲሱ ሲስተም በላያቸው ተጽፎባቸው ነበርና ከጥቂት ፍርስራሽ በቀር ያገኘሁት የለም።

ቬሳ የተባለው የአምራቾች ማኅበር በ1994 እ.ኤ.አ. በደነገገው ሥርዓት መሠረት፣ ሞኒተር ሁሉ ማን እንደ ሠራውና ምን ያህል ሪዞሉሽን እንደሚችል የሚመሰክር፣ ኢዲአይዲ የሚባል የ128 ባይት ጽሕፈት በውስጡ ይዞ ይኖራል፤ ኮምፒውተሩም ይህን ምስክርነት በ12ኛዪቱና በ15ኛዪቱ ፒን በኩል ጠይቆ ይቀበላል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለማት የሚመጡት በሌሎቹ ፒኖች ስለ ሆነ፣ 12ኛዪቱ ብትሰናከል ምስሉ ሳይቋረጥ ምስክርነቱ ብቻ ይቀራል። ከአቅሙ በላይ የታዘዘ ሞኒተር ጨርሶ ሊጨልም ስለሚችል፣ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለት የሲስተሙ እምብርት፣ በማያውቀው ላይ አይደፍርም፤ ከ1024×768 የማያልፍ ምስል አውጥቶ ይቆማል። ያም ምስል በ1920×1080 ሞኒተር ላይ ሲለጠጥ ለላቲን ፊደል አንባቢ ቀላል ጉዳት ይመስል ይሆናል፤ በእኛ ፊደል ግን ሉ ከሊ የሚለየው ቅጥያዋ በወገብ ወይም በእግር በመውጣቷ ብቻ ነውና፣ ካዕቡ ከሣልሱ እየተደባለቀ ንባብ ይሰናከላል።

የሚያሳዝነኝና፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያታክተኝ ፎርማት የደዌ ሁሉ ፈውስ ነው የሚለው እምነት ነው። መነሻ የለውም አልልም፤ ቫይረስ በፍላሽ ከማሽን ወደ ማሽን ይዛመት በነበረበት ዘመን፣ የተለከፈውን ዊንዶውስ ጠርጎ መጫን አጭሩ መንገድ ነበር። ዳሩ ግን በሊኑክስ የኢንቴልና የኤኤምዲ ግራፊክስ ድራይቨር የሚኖረው በራሱ በከርነሉ ውስጥ ነው፤ ደንበኞቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ የድራይቨር ሲዲ አያስፈልገውም፤ ጠርጎ የሚጭንም ሰው ያንኑ ከርነል ከዚያው ድራይቨሩ ጋር መልሶ ከማስቀመጥ በቀር የሚጨምረው የለም። ከሁሉ የሚከፋው፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ስለ ግራፊክሱ የሚጽፈው፣ በዲሜስግ ትእዛዝ የሚነበበው መዝገብ እያለ፣ አንድ መስመር እንኳ ሳይነበብ ሲስተሙ መጥፋቱ ነው። ምስክሩን ገድሎ ፍርድ እንደ መስጠት ነው።

ለምሳሌ «ኖሞድሴት» የምትባለውን ቃል እንመልከት። ሲስተሙ ሲጫን ስክሪኑ ጨልሞ ያስቸገረው ሰው፣ ሲስተሙን በሚያስነሣው በግራብ ላይ ለጊዜው የጻፋት ቃል እዚያው ተረስታ ትቀራለች፤ የግራፊክስ ድራይቨሩ እንዳይሠራ የምትከለክል ስለ ሆነች፣ ሪዞሉሽኑ ታስሮ ሥዕሉን ሁሉ ፕሮሰሰሩ ሲለፋበት ይውላል። በዚህች ቃል ምክንያት ሁለት ጊዜ ፎርማት የተደረገ ማሽን መጥቶልኛል፤ የጫነው ሰው ሁለቱንም ጊዜ በልማድ መልሶ ጽፏት ነበር፤ እኔም አጥፍቼ ግራብን አደስሁና በዐሥር ደቂቃ አስረከብሁት።

የኤንቪዲያ ነገር ልዩ ነው። የኩባንያው ድራይቨር ከከርነሉ ውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ከእርሱ ጋር ዳግመኛ መስማማት አለበት፤ በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ አዲሱ ከርነል ያለ ድራይቨር ይቀራል፤ መድኃኒቱም ከግራብ ሜኑ የቀደመውን ከርነል መርጦ ገብቶ የተቋረጠውን መፈጸም ነው። ሴኪዩር ቡት የበራበት ማሽን ደግሞ ፊርማ የሌለውን ድራይቨር አያስገባም። የጂፎርስ 8 እና 9 ካርዶች የሚገለገሉበትን 340 የተባለውን ድራይቨር ኩባንያው ራሱ ከ2019 እ.ኤ.አ. ፍጻሜ ወዲህ ስለ ተወው፣ እነዚያን በነጻው ድራይቨር በኑቮ ማሠራት ይሻላል። ከእነዚህ ሁሉ በፎርማት የሚድን አንድ ስንኳ የለም።

ከዝቋላም ሆነ ከአበርገሌ ማሽን ተሸክሞ ሰቆጣ የሚመጣ ሰው የመንገዱን ወጪና ድካም ችሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ማሽናችሁን ለእኔም ሆነ ለሌላ ባለሙያ ከማስረከባችሁ በፊት፣ ፋይላችሁን በፍላሽ ገልብጣችሁ እቤታችሁ አስቀሩ፤ ስለ ምስል ችግር «ፎርማት» የሚል ቃል በሰማችሁም ጊዜ፣ ኬብሉ በሌላ ኬብል ተለውጦ ተሞክሮ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።