ባሕሩ ጦም ሲያድር ቤቱ ጦሙን እንዳያድር

ዓሣ አስጋሪ ሲባል ብዙውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ጀልባ ላይ ቆሞ መረብ የሚጥል ወንድ ነው። ይሁንና በእግሯ ውሃ ውስጥ ገብታ ለልጆቿ የሚበላ ይዛ የምትመለሰው ሴት ድርሻም ቀላል አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ማዳጋስካር፣ በአንዳቫዶዋካ መንደርና በአካባቢው የሚኖሩት የቬዞ ሴቶች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና በምትጠፋበት ሰሞን ባሕሩ ከወትሮው ርቆ ይሸሻል። በዚህን ጊዜ ሴቶቹ ሹል እንጨት ወይም ብረት ይዘው፣ ኮራል በሚባለው የባሕር ድንጋይ ላይ እየተራመዱ፣ በየጉድጓዱ የተደበቀውን ኦክቶፐስ ያወጣሉ። ኦክቶፐስ ስምንት እጆች ያሉት፣ አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ነው። ነጋዴዎች ከሴቶቹ ገዝተው ወደ ውጭ አገር ይልኩታል። ገዢው ሲበዛ ግን ለቃሚውም በዛ፤ ገና ያላደገው ሳይቀር ይወጣ ጀመር።

ስለዚህ መንደርተኞቹ ብሉ ቬንቸርስ ከተባለ የባሕር ጥበቃ ድርጅት ጋር ተመካክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ገደማ፣ ኖሲ ፋሲ በተባለው ስፍራ ለሰባት ወር ያህል ኦክቶፐስ እንዳይያዝ ከለከሉ። የተዘጋው ባሕሩ በሙሉ ሳይሆን አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። የእኛ ገበሬ አፈሩ እንዲያገግም ማሳውን ጦም እንደሚያሳድር ማለት ነው።

ኦክቶፐስ ለዚህ አሠራር የተመቸ ነው። ዕድሜው አጭር ሲሆን ዕድገቱ ግን እጅግ ፈጣን ነው። እናቲቱ የምትወልደው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እንቁላሎቿን ጉድጓድ ውስጥ ስትጠብቅ ቆይታ፣ ሲፈለፈሉ ትሞታለች። ከዚያ በፊት ከተያዘች ዘሯም አብሮ ይጠፋል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት እስከ 2011 የተደረጉትን 36 ክልከላዎች መርምሮ ነበር። ስፍራው በተከፈተ በአንድ ወር ውስጥ አንድ ሰው የሚይዘው መጠን በአማካይ ወደ እጥፍ ተጠግቷል። በክልከላው ወራትም የመንደሩ ገቢ በአማካይ ጉልህ ቅናሽ አላሳየም፤ ሌላው ስፍራ ክፍት ነበርና።

አማካይ ግን የእያንዳንዱን ቤት ጓዳ አያሳይም። ታንኳ ያለው ሰው ሌላ ቦታ ቀዝፎ ይሄዳል። ታንኳ የሌላት እናት ግን በእግሯ የምትደርስበት ስፍራ ከተዘጋባት የዕለት ጉርሷ የት ይገኛል? ስፍራው በሚከፈትበት ዕለትም ከየአቅጣጫው የሚጎርፈው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ስትጠብቅ የከረመችው ሴት ባዶ እጇን ልትመለስ ትችላለች።

በመሆኑም የትኛው ስፍራ፣ መቼና ለስንት ጊዜ ይዘጋ የሚለው ጉዳይ ሴቶች በሌሉበት ሊወሰን አይገባም። የአካባቢው መንደሮች እ.ኤ.አ. በ2006 ቬሎንድሪያኬ የሚባል የጋራ ማኅበር አቋቁመው፣ ዲና በሚሉት የመንደር ሕግ ባሕራቸውን ማስተዳደር ጀምረዋል። የባሕር አረም ማልማትም ለአንዳንድ ቤተሰቦች ተጨማሪ ገቢ ሆኗል።

ውድ አንባብያን፣ ለነገ ማሰብ ለእናት አዲስ ነገር አይደለም፤ ዘር የሚሆነውን ለይታ የምታስቀምጠው እርሷ ናት። ባሕርን ማሳረፍም እንዲሁ ነው። ሆኖም የነገውን ለማትረፍ የዛሬው ድስት ባዶ የሚሆንባት ሴት አስቀድማ ልትጠየቅ ይገባል። ሳትጠየቅ የተዘጋ ባሕር በሌሊት መከፈቱ አይቀርም።